ፖል ዳንስን በቤት ውስጥ ለመማር የትኛው አማራጭ ይሻላል? ለድሬዳዋና ለሐረር ቤቶች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ፖል ዳንስን፣ ማለትም በቆመ ምሰሶ ላይ በመውጣት፣ በመንጠልጠልና በመሽከርከር የሚሠራውን ስፖርት፣ በቤቱ ለመማር የወሰነ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ምሰሶ ልግዛ?» ብሎ ነው። ሻጮችም ለዚህ ጥያቄ ፈጣን መልስ አላቸው፤ አንዱ ዕቃው ለማንኛውም ቤት እንደሚሆን፣ ሌላው ያለ ቡሎን በጥቂት ደቂቃ እንደሚተከል፣ ሦስተኛው ደግሞ የሁለት ሰው ክብደት እንደሚሸከም ይናገራል። ከእነዚህ መልሶች አንዱም በድሬዳዋና በሐረር ያሉ ቤቶች በምን እንደተሠሩ ከግምት እንደማያስገባ በራሴ ሳሎን ወድቄ ስለተረዳሁት፣ ሌላው ሰው በእኔ መንገድ እንዳይማረው ይህን መመሪያ ጽፌአለሁ። አቋሜ ግልጽ ነው፤ ምርጫው ከጣሪያው ይጀምራል፣ ቀጥሎ የሰውነት ዝግጅት ይመጣል፣ ምሰሶው የሚገዛው ሁለቱ ከታወቁ በኋላ ነው።

ስፖርቱን ከምሽት ቤት ትርኢት ጋር ብቻ የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። በምሰሶ ላይ መውጣትና መንጠልጠል ግን የቆየ የጥንካሬ ጥበብ ነው። በህንድ ማሃራሽትራ ማላካምብ የሚባለው ስፖርት የሚሠራው በጉሎ ዘይት በታሸ የእንጨት ምሰሶ ላይ ሲሆን፣ በቻይና ሰርከስ ደግሞ ባለሙያዎቹ ጎማ በለበሰ ረጅም ብረት ላይ ሙሉ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። ዓለም አቀፉ የፖል ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሥርቶ በ2012 የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ለንደን ላይ አካሂዷል፤ በውድድሮቹ ላይ 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ምሰሶዎች ይቆማሉ፣ አንዱ የማይሽከረከር፣ ሌላው በኩሽኔታ የሚሽከረከር። ይህን ያነሳሁት ከታች ስለ ልብስና ስለ ውፍረት ለምንነጋገረው መነሻ ስለሚሆን ነው።

አስቀድመው የሚታዩ መስፈርቶች

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚበልጠው መስፈርት ጣሪያ ነው። ያለ ቡሎን የሚቆም ምሰሶ የሚጸናው በጣሪያና በወለል መካከል ተወጥሮ በሚፈጥረው ግፊት ነው፤ ሰው ሲሽከረከርበት ኃይሉ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ስለሚሄድ፣ ጣሪያውን የሚነካው የምሰሶው የላይኛው ሰሌዳ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ከበስተጀርባው ያለው ጠንካራ ነገር ነው። በስተጀርባው ጠንካራ ነገር ከሌለ ግን የምሰሶው ጥራት የቱንም ያህል ቢሆን አይጠቅምም።

በሁለቱ ከተሞች የሚገኙትን ቤቶች በዚህ ዓይን ስንመለከታቸው በአራት ይከፈላሉ። በባለ ፎቅ ቪላዎችና በአንዳንድ አዳዲስ ሕንፃዎች ሶሌታው በፌሮ የተሞላ ወጥ ኮንክሪት በመሆኑ ከሁሉም የተሻለ ነው። በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ግን ሶሌታው የተሠራው በተወሰነ ርቀት በተደረደሩ ትራቮችና በመካከላቸው በተቀመጡ ውስጣቸው ክፍት በሆኑ ብሎኬቶች ነው፤ ከሥር በልስን ስለተሸፈነ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ነገር ግን ብሎኬቱ ከሥር ወደ ላይ የሚገፋ ኃይልን ለመቋቋም አልተሠራም። እኔ የወደቅሁት በእንዲህ ዓይነት ቤት ነው። ምሰሶውን የሳሎኑ መሐል ላይ ስለሚያምር ብቻ ወጠርሁት፤ በሦስተኛው ሳምንት ልስኑ ላይ በሰሌዳው ዙሪያ የፀጉር ስንጥቅ ታየ፣ ችላ አልሁት፣ በማግስቱ ቀላል ሽክርክሪት ስሠራ ጫፉ ከቦታው ሸሸና በዳሌዬ ወለሉ ላይ አረፍሁ። በኋላ ልስኑ ሲነሳ ሰሌዳው በሁለት ትራቮች መካከል፣ በክፍት ብሎኬት ላይ ተደግፎ እንደነበር ታየ።

ሦስተኛው ዓይነት የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ከሥሩ የችፑድ ኮርኒስ የተመታ ቤት ነው፤ በድሬዳዋ በከዚራ ያሉትን ረጃጅም ጣሪያ ያላቸውን የባቡር ዘመን ቤቶች ጨምሮ ብዙው የግቢ ቤት በዚህ ውስጥ ይገባል። ኮርኒስ የራሱን ክብደት ከመሸከም ያለፈ አቅም የለውም፣ ስለዚህ በግፊት የሚቆም ምሰሶ በእንዲህ ያለ ቤት ፈጽሞ አይታሰብም። አራተኛው በሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው ነባር የሐረሪ ቤት ማለትም ጌ ጋር ነው። ጠፍጣፋው ጣሪያው በእንጨት አግዳሚዎች ላይ ያረፈ ነው፣ ክፍሉም ከፍታቸው በሚለያይ መደቦች ስለተሞላ ክፍት ወለሉ ጠባብ ነው፤ ከዚህም በላይ ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ የእነዚህን ቤቶች ጣሪያ በትራፓኖ መብሳት ለማንም የማይመከር ነገር ነው።

ቤትዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ጣሪያውን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገው በቀጥታ መሥመር ያንኳኩ። ትራቩ ጋ ሲደርሱ ድምፁ ደረቅና አጭር ይሆናል፣ ብሎኬቱ ጋ ደግሞ ባዶነት ይሰማል፤ ተመሳሳዩ ድምፅ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ከመጣ የትራቮቹን አቀማመጥ አግኝተዋል ማለት ነው። ጥርጣሬ ካለ ሕንፃውን የሚያውቅ ፎርማን አንድ ጊዜ መጥራት ከማንኛውም ምሰሶ ዋጋ ያነሰ ወጪ ነው።

ሁለተኛው መስፈርት ስፋት ነው። ከምሰሶው በየአቅጣጫው ቢያንስ 1.5 ሜትር ነጻ ቦታ ያስፈልጋል፤ እግር ዘርግቶ ለሚሽከረከር ረጅም ሰው 2 ሜትር ይሻላል። በድሬዳዋ ተጨማሪ የሚለካ ነገር አለ፣ እርሱም የጣሪያ ቬንትሌተር ነው። ምላጮቹ ከምሰሶው አጠገብ ካሉ ወይ ቦታው ይቀየራል ወይ ቬንትሌተሩ ተነቅሎ በቋሚ ይተካል። የቬንትሌተሩ መንጠቆ ጠንካራ ስለሚመስል ለሌላ ነገር መስቀያ ሊያደርጉት የሚያስቡ አሉ፤ የተሠራው ለቬንትሌተሩ ክብደት ብቻ ስለሆነ ሰው አይንጠልጠልበት።

ሦስተኛው መስፈርት ሙቀትና ቆዳ ነው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁት ሁለቱ ከተሞች ለዚህ ስፖርት ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ይፈጥራሉ። በድሬ መዳፍ ያልባል፣ ብረቱም ያንሸራትታል፤ በሐረር ጥቅምትና ኅዳር ማለዳ ደግሞ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ደረቅ ቆዳም አይይዝም። አራተኛው ልብስና ገመና ነው። ምሰሶውን የሚይዘው የጭን፣ የቋንጃና የብብት ቆዳ በመሆኑ አብዛኛው ልምምድ በአጭር ሱሪ ይሠራል፤ ስለዚህ የሚዘጋ በርና ወፍራም መጋረጃ ያለው ክፍል መኖሩ ከምርጫው የሚቆጠር ነው። አምስተኛውና የመጨረሻው ጠቅላላ ወጪ ነው፣ ይኸውም የምሰሶው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ፍራሹ፣ መትከያው፣ ቤቱን ሲለቁ ልስን መመለሻው ጭምር ተደምሮ ማለት ነው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ያለ ምሰሶ መጀመር።* ብዙዎች ይህን እንደ ድሀ መፍትሔ ያዩታል፤ እኔ ግን ለጀማሪ ከሁሉ በፊት የምመክረው ይህን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጀማሪን የሚያቆመው ነገር ስልት አለማወቅ ሳይሆን የትከሻ፣ የክንድና የሆድ ጥንካሬ ማነስ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በወለል፣ በላስቲክ ገመድና ተንጠልጥለው ራስን ወደ ላይ በሚስቡበት አንድ አግዳሚ መጎተቻ ብረት ይገነባሉ። መጎተቻውን የብረት በር ቤት በቱቦ ይሠራልዎታል፣ በግቢ ግድግዳ ወይም በጠንካራ የበር ማዕዘን ላይ በቡሎን ይታሰራል።

ልምምዱ የሚጀምረው ዝም ብሎ ከመንጠልጠል ነው። ክንድ ቀጥ ብሎ ሳይታጠፍ፣ ትከሻን ከጆሮ አርቆ ወደ ታች ሳብ ማድረግ ትንሽ እንቅስቃሴ ቢመስልም የስፖርቱ መሠረት እርሱ ነው፤ ይህን ሳይችል ምሰሶ ላይ የሚንጠለጠል ሰው ክብደቱን በጡንቻ ሳይሆን በመገጣጠሚያው ይሸከማል። ከዚያ ወንበር ላይ ቆሞ አገጭን ከብረቱ በላይ አድርጎ በአምስት ሰከንድ ቀስ እያሉ መውረድ፣ ተንጠልጥሎ ጉልበትን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ በወለል ላይ ደግሞ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ የጎን ፕላንክና በጀርባ ተኝቶ ወገብን ከወለል ሳያላቅቁ እግርና ትከሻን ማንሳት ይከተላሉ። ወደ ምሰሶ ለመሸጋገር እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ሠላሳ ሰከንድ በጸና ትከሻ መንጠልጠል፣ አምስት ቀስ ያሉ አወራረዶችን መሥራትና ጉልበትን ሰብስቦ አሥር ሰከንድ መቆየት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ዓላማ ሦስት ቀን በቂ ነው፣ በመካከላቸውም የዕረፍት ቀን ይግባ። ጡንቻ በሳምንታት ሲጠነክር ጅማት ግን ከዚያ ዘግይቶ ስለሚከተል፣ «ጉልበት አገኘሁ» ብለው በየቀኑ የሚሠሩ ሰዎች በክርናቸው ውስጠኛ ጎን ለወራት የማይለቅ ሕመም ያተርፋሉ።

የመተጣጠፍ ልምምድ የራሱ ሥርዓት አለው። ከጥንካሬው ልምምድ በፊት ረጅም መለጠጥ አይሠራም፤ መጀመሪያ አካልን በእንቅስቃሴ ማሞቅ፣ በመጨረሻ ደግሞ እያንዳንዱን አቀማመጥ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ይዞ ለአንድ ጡንቻ በጠቅላላው ወደ 60 ሰከንድ ማድረስ የተለመደው መጠን ነው። ሥቃይ ሳይሆን ውጥረት ይሰማ፤ የሚወጋ ሕመም ከጉልበት ጀርባ ወይም ከመቀመጫ አጥንት ሥር ከመጣ ያቁሙ። ቀኝና ግራ እኩል ይሠሩ፣ ምክንያቱም የሚቀናውን ጎን ብቻ የሚያሠለጥን ሰው የሰውነቱ ሚዛን ሊዛባ ይችላል። በድሬዳዋ ሙቀት ሰውነት ቶሎ ስለሚላላ ከልክ በላይ የመለጠጥ ፈተና አለ፤ የሐረር ሰው ግን ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይሞቅ አይጀምር።

*በግፊት የሚቆም ተነቃይ ምሰሶ።* ከውጭ አገር በብዛት የሚመጣው ይህ ነው። ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ስለሆነና በቁርጥራጭ ስለሚመጣ ለማጓጓዝ ይመቻል፣ ለተከራይም ቤት ሲለቅ ነቅሎ መሄድ መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው። ብዙዎቹ ከ2.2 እስከ 2.75 ሜትር ገደማ ለሆነ ጣሪያ የተሠሩ ሲሆኑ ከዚያ በላይ ማራዘሚያ ይፈልጋሉ። ይህ ምሰሶ ወጥ ሶሌታ ባለበት ቤት ወይም ትራቩ በትክክል ከተገኘ ብቻ ጥሩ ምርጫ ነው። በኮንዶሚኒየም ሁለት ትራቮችን የሚያገናኝ ወፍራም ጣውላ ወይም የብረት ሰሌዳ በቡሎን አስሮ ምሰሶውን በእርሱ ላይ መወጠር ይቻላል፤ ያኔ ግን «ያለ ቡሎን» የሚለው የሻጩ ቃል እንደቀረ መቀበል ያስፈልጋል። ሲተከል በሁለት አቅጣጫ በውሃ ልክ ይታይ፣ ከሥሩ ያለው ሴራሚክ ባዶ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ቦታው ይቀየር፣ ምክንያቱም ግፊቱ ከሥሩ ሲሚንቶ ያልሞላበትን ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል። ክፍሎቹ የሚገጣጠሙበት ብሎንና የላይኛው ሰሌዳ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ይፈተሹ።

*በቡሎን የሚታሰር ቋሚ ምሰሶ።* የራሱ ቤት ላለውና ሶሌታው ወጥ ለሆነ ሰው ከሁሉም አስተማማኙ ነው። ሰሌዳው በአራት የኮንክሪት ቡሎን ይታሰራል፤ ፕላስቲክ ፊሸር ለምስልና ለመጋረጃ እንጂ ለዚህ አይሆንም። የቆርቆሮ ቤት ያለው ሰውም ኮርኒሱን ከፍቶ ከግድግዳ ግድግዳ የሚዘረጋ የብረት ትራቭ በባለሙያ ካስገባ ይህን አማራጭ ሊጠቀም ይችላል፤ ትራቩን ግን በያጅ በግምት ሳይሆን መሐንዲስ ልኩን አውጥቶለት ያሠራው።

*በመድረክ ላይ የሚቆም ምሰሶ።* ጣሪያ አይነካም፣ ስለዚህ ለኮርኒስ ቤትና ለጌ ጋር ነዋሪ ብቸኛው ሙሉ መልስ ይመስላል። ዋጋው ግን ከሁሉም ከፍ ያለ ነው፤ ብዙዎቹ ከ45 እስከ 100 ኪሎ ስለሚመዝኑ የማጓጓዣውና የቀረጡ ወጪ ሌላ ፈተና ነው። መድረኩ ሰፊ ወለል ይይዛል፣ በጀጎል ቤት ግን የሚያንሰው ወለል ነው። በኃይል ሲወዛወዙበት ስለሚነቃነቅ ትልልቅ ሽክርክሪቶችን ያሳጣል፣ መውጣትንና አቀማመጦችን ለማጥናት ግን ይበቃል። ሰፊ የሊሾ በረንዳ ያላቸው ሁለት ሦስት ጓደኛሞች አዋጥተው ቢገዙት የተሻለ አስተዋይነት ነው።

*በአገር ውስጥ የሚሠራ ምሰሶ።* በድሬዳዋ ብረታ ብረት ቤቶች የሚገኘው የውሃ ቧንቧ ዋጋው ስለሚስብ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። የ1¼ ኢንች ቧንቧ የውጭ ውፍረቱ 42.4 ሚሊ ሜትር፣ የ1½ ኢንቹ ደግሞ 48.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የስካፎልዲንግ ብረትም እንዲሁ 48.3 ነው። የውድድሩ 45 በሁለቱ መካከል ነው። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው 42.4ቱን ይመርጣል፣ 48.3ቱ ግን የመዳፍ ጉልበትን ቶሎ ያደክማል። ዋናው ችግር ገጽታው ነው፤ የዚንክ ቅቡ ሻካራና ያልተስተካከለ በመሆኑ የጭንን ቆዳ ይልጣል፣ ስለዚህ ስቴንለስ ቱቦ ተገዝቶ ቶርኖ ቤት ቢወለወል ይመረጣል። የቱቦው ግድግዳ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ለመጋረጃና ለደረጃ መደገፊያ የሚሸጠው ስስ ቱቦ ሰው ሲንጠለጠልበት ይታጠፋል። በመሐሉ የብየዳ መገጣጠሚያ ያለው ቱቦ አይወሰድ።

በግቢ ውስጥ በኮንክሪት የተተከለ ምሰሶስ? ሥሩ ብቻ የተያዘ የሦስት ሜትር የ1½ ኢንች ቧንቧ ባይሰበርም፣ ሰው ከላይ ሆኖ ሲወዛወዝ ጫፉ ብዙ ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ጫፉ ከበረንዳ ትራቭ ወይም ከብረት ማዕቀፍ ጋር መታሰር አለበት። ከቀትር ፀሐይ በታች የቆመ ብረት ቆዳ ያቃጥላልና ጥላ ያስፈልገዋል፣ የጎረቤት ዓይንም ሌላው ጉዳይ ነው። በኩሽኔታ የሚሽከረከር ምሰሶ በአገር ውስጥ ማሠራትን አልመክርም፤ ጀማሪም ቢሆን መጀመሪያ መማር ያለበት በማይሽከረከረው ነው።

የገጽታው ዓይነት

ከውጭ የሚገዛ ሰው ገጽታውንም ይመርጣል። ክሮም ዋጋው መካከለኛ፣ ለሐረር አየር ተስማሚ ነው፤ ከክሮሙ ሥር የኒኬል ሽፋን ስላለ ግን ርካሽ ጉትቻ ጆሮአቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች ይጠንቀቁና ስቴንለስ ይምረጡ። ስቴንለስ ከክሮም በትንሹ በልጦ ያንሸራትታል፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው። ነሐስ ቶሎ ይሞቃል፣ ላብ ያለበትን መዳፍም በደንብ ይይዛል፤ ለድሬዳዋ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፣ ምንም እንኳ ቶሎ የሚጠቁርና በቀለበት የሚጫር ቢሆንም። በዱቄት ቀለም የተቀባውም ለላብ ጥሩ ነው። በሲሊኮን የተሸፈነው ከቻይናው ሰርከስ ምሰሶ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን ባዶ ቆዳን ስለሚጎትት ሙሉ ልብስ ተለብሶ ይሠራበታል፤ ሰውነቷን ሸፍና መለማመድ ለምትፈልግ ሴት እውነተኛ መፍትሔ ነው፣ ተንሸራትቶ መሽከርከር ግን አይቻልበትም።

በልምምድ ቀን ቅባት፣ ቫዝሊንና ሎሽን አይነኩ፤ ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ሴት ደግሞ በሻሽ ጠቅልላ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ ትጀምር፣ ምክንያቱም አንድ ጣት ቅቤ ብረቱን ለሰዓታት ያበላሸዋል። ምሰሶው በ70 በመቶ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ በየመሐሉ ይወልወል። በድሬዳዋ ጎህ ሲቀድ ወይም ከምሽት በኋላ መሥራት ተገቢ ነው፤ በሐረር ደግሞ ብረቱን በመዳፍና በጭን አሽቶ ማሞቅ።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚፈልገው ጣሪያ | አንጻራዊ ወጪ | ሲለቁ | የሚያስተምረው | ዋናው ሥጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| ያለ ምሰሶ፣ በመጎተቻ ብረት | ምንም | በጣም ዝቅተኛ | በቀላሉ ይነቀላል | ጥንካሬና መተጣጠፍ | የክርን ጅማት ድካም |
| በግፊት የሚቆም | ወጥ ሶሌታ ወይም የታወቀ ትራቭ | መካከለኛ | ይነቀላል | ሽክርክሪት፣ መውጣት፣ መገልበጥ | የላይኛው ሰሌዳ መሸሽ |
| በቡሎን የታሰረ | ወጥ ሶሌታ ወይም የብረት ትራቭ | መካከለኛና መትከያ | ልስን ይመለሳል | ሁሉንም | የተሳሳተ ቡሎን |
| በመድረክ ላይ | ምንም | ከፍተኛ | ይነቀላል፣ ከባድ ነው | መውጣትና አቀማመጥ | መነቃነቅ፣ የወለል ጥበት |
| በአገር ውስጥ የተሠራ | ጫፉን የሚይዝ ጠንካራ ማዕቀፍ | ዝቅተኛ | ይቀራል | መውጣትና ቀላል ሽክርክሪት | ስስ ቱቦ፣ ሻካራ ገጽታ |

ሁሉም ምሰሶ ፍራሽ ይፈልጋል። ለዚህ ስፖርት የሚሠራው ፍራሽ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው፣ በምሰሶው ዙሪያ የሚገጥም ነው፤ እርሱ ከሌለ ጠጣር ስፖንጅ በልክ ተቆርጦ በሸራ ይሰፋል። ለመኝታ የሚሆነው ልል ስፖንጅ እግርን ውጦ ቁርጭምጭሚት ስለሚያጣምም አይጠቅምም። ፍራሽ አንገትን እንደማያድን ግን መታወቅ አለበት፤ ወደ ታች በመገልበጥ የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች አጠገብ ሰው ሳይኖር አይሞከሩም።

ከማን መማር?

አጫጭር ነጻ ቪዲዮዎች ፍላጎትን ያነሳሳሉ፣ ቅደም ተከተል ግን የላቸውም፤ ዛሬ መቀመጥ ነገ መገልበጥ ያሳያሉ። በደረጃ የተከፋፈለ የሚከፈልበት ትምህርት ከዚህ የተሻለ ነው። በቪዲዮ ጥሪ የሚያስተምር አሠልጣኝ ደግሞ ዋጋው ቢጨምርም ትከሻዎን አይቶ ስለሚያርም፣ ገንዘብ የሚተርፈው ሰው በወር አንድ ጊዜ እንኳ ቢወስድ ይጠቀማል። ብዙዎች የሚረሱት አማራጭ የሰርከስ ባለሙያ ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ወዲህ ጥበቡ ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቷል፤ በአክሮባት ያለፈ ሰው ፖል ዳንስ ባያውቅም አወዳደቅን፣ ጓደኛን ከሥር መደገፍንና እጅ ላይ መቆምን በቀጥታ ያስተምራል፣ ይህም ከስክሪን የማይገኝ ዕውቀት ነው።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል የትኛውም መምህር ቢመረጥ አንድ ነው። በምሰሶው ዙሪያ መራመድና ክብደትን ወደ ውጭ ማድላት፣ ሁለት እጅና ሁለት ጉልበት ይዘው ቀላል ሽክርክሪት መሥራት፣ በእግርና በቁርጭምጭሚት ቆንጥጦ መውጣት፣ በጭን ይዞ መቀመጥ፣ ከብዙ ወራት በኋላም መገልበጥ። በዝላይ የሚገለበጥ ሰው ጥንካሬው ገና አልደረሰም፤ ጉልበትን ሰብስቦ ቀስ ብሎ መገልበጥ እስኪችል ይጠብቅ። ነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ የዓይን ግፊት ያለበት ወይም ትከሻው ተውልቆ የሚያውቅ ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይገልበጥ። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ውሃና ምግብ በሌለበት ሰዓት ከባዱን ልምምድ ትቶ መለጠጡን ብቻ መሥራት፣ ጥንካሬውንም ከማፍጠሪያ ወይም ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይቶ መሥራት ይሻላል።

ለማን የትኛው?

በጀቱ አነስተኛ ለሆነ ተማሪ ወይም ከቤተሰብ ጋር ለሚኖር ሰው መጎተቻ ብረት፣ ላስቲክ ገመድና አንድ ምንጣፍ ለስድስት ወር በቂ ናቸው፤ በእነዚህ ሳይጸና ቀርቶ ያቋረጠ ሰው ምሰሶም ቢገዛ ያቋርጥ ነበር። በኮንዶሚኒየም ለተከራየ ሰው በግፊት የሚቆመው ጥሩ ነው፣ ትራቩ ከተገኘና አከራዩ ከፈቀደ ብቻ፤ ፈቃዱም በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ይጻፍ። ወጥ ሶሌታ ያለው የራሱ ቤት ያለው ሰው በቡሎን የሚታሰረውን ይምረጥ፣ በድሬዳዋ ነሐስ፣ በሐረር ክሮም። በከዚራ ዓይነት የኮርኒስ ቤት ለሚኖር ሰው የብረት ትራቭ ማስገባቱ ከመድረኩ ምሰሶ ሊረክስ ስለሚችል ሁለቱንም ዋጋ አስተያይቶ ይወስን። በጀጎል ውስጥ ያለ ሰው ጣሪያውን ሳይነካ በመጎተቻ ብረት ይጀምር፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ጓደኛ ካገኘ መድረኩን ይጋራ። ተሸፍና መሥራት የምትፈልግ እኅት ደግሞ የሲሊኮኑን ትጠይቅ፤ ከመክፈሏ በፊት በአጭር ናሙና ላይ ልብሷ ይይዝ እንደሆነ ብትሞክር ይሻላል።

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት የሚከተሉትን በወረቀት ይያዙ፦ ከወለል እስከ ጣሪያ በሦስት ቦታ የተለካ ቁመት፣ የትራቮቹ አቅጣጫና መራራቅ፣ ከታሰበው ቦታ እስከ ቅርቡ ግድግዳና እስከ ቬንትሌተሩ ምላጭ ጫፍ ያለው ርቀት። ሻጩ የቱቦውን የግድግዳ ውፍረት በሚሊ ሜትር ሊነግርዎ ካልቻለ ቱቦውን በካሊፐር አስለክተው ብቻ ይክፈሉ።